አንተን ያቀፈው ጨርቅ

ግርማዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና መጠየቅ ግን ትቻለሁ፤ አንተ ባለህበት ሕመም የለም ይሉኛል፣ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ደህና አይደለሁም። ሥራ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጌታ ይመስገን» እላለሁ። ደህና ግን አይደለሁም። ይህን ለሌላ ሰው መናገር ስለማልወድ ላንተ ነገርኩህ።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ስትሄድ ከበረንዳችን ፊት ያለው ዛፍ ቅጠሉን ጨርሶ አራግፎ ነበር። ከዚያ በረዶው መጣ፣ ሄደ፤ ዛፉም ለመለመ፤ አሁን ደግሞ ተመልሶ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ባየሁት ቁጥር ያ ሳምንት እንደገና ሊመጣብኝ ነው እያልኩ እፈራለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለልቅሶ ብቻ አይደለም። ጀምረህ የተውከው አንድ ሥራ ነበረህ። ትናንት ጨረስኩልህ። እንዴት እንደጨረስኩት ከኔ ከራሴ እንድትሰማው ፈለግሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። ልጅህ ሶስና የተከራየችውን ክፍል ለቃ እዚሁ ቮርቢ ጎርድ ሰፈር ከኔ ጋር መኖር ጀምራለች። ምክንያቷን ስጠይቃት ለሥራዋ ስለሚቀርባት ነው ትለኛለች፤ አይቀርባትም፣ እንዲያውም ይርቃታል። አሁንም እኔ በአማርኛ ሳናግራት እሷ በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ። የልጅ ነገር አንተን እንጂ እኔን አያስቅም ነበር፣ አሁን ግን ብቻዬን ስሆን እስቃለሁ። የሥራ ጫማህ እስከ ዛሬ በሩ አጠገብ ነው። ሶስና እናንሳው ስትለኝ ሌባ ቢመጣ ወንድ አለ ብሎ ይፍራ አልኳት። አልጋህ የነበረበት ጥግ ባዶውን ነው። ሶፋውን ወደዚያ እናዙረው ተባብለን ነበር፤ እሺ ብዬ ሳላዞረው ቀረሁ። በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርብኝም አልጋው ያለ ይመስል ዞሬ ነው የማልፈው።

ከመግቢያው በላይ ያለው ጎረቤታችን አበባውን አሁንም ከበረንዳው ውጪ ነው የሚሰቅለው። እኔም እንዳስለመድከኝ ከሥሩ አላልፍም። ሰው እብድ ናት ይበለኝ። ከተንጠለጠለ ነገር ሥር አትቁሚ እያልክ እጄን ስትጎትተኝ ኖረህ፣ አሁን የሚጎትተኝ ሰው ስለሌለ ራሴን እጎትታለሁ።

በቤተ ክርስቲያን ያ የመዘምራን ድምፅ ማጉያ አንተ በሰቀልክበት ሰንሰለት ላይ አለ። መጀመሪያ የሄድን ሰሞን ነገሩ ትዝ ይልሃል። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘምር አንተ አንጋጠህ ጣራውን ታያለህ። እኔ መንፈስ የነካህ መስሎኝ ደስ አለኝ። አንተ ለካ ያ ትልቅ ዕቃ በቀጭን ሽቦ ከልጆቹ አናት በላይ መሰቀሉን አይተህ ነው። ፓስተሩ ስለ እምነት ሰብከው ሲወጡ ጠብቀህ፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በዚያ ሽቦ ግን አላምንም አልካቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሰንሰለትህን ይዘህ መጣህ።

እንዲህ ነበርክ። ሶስና ትንሽ ሳለች መጫወቻው ሜዳ ላይ ዥዋዥዌው ላይ ከመቀመጧ በፊት አንተ ያን ቁመትህን ይዘህ ትንጠለጠልበት ነበር። እናቶቹ ሁሉ ያዩሃል። እኔ ራቅ ብዬ ሌላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ የማላውቅህ መስዬ። ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ ልጅቷን አንስተህ ታስቀምጥና ወደኔ ዞረህ ትጠቅሰኛለህ። አሁን ያቺን ጥቅሻ ባገኝ የማልሰጠው ነገር የለም።

ሥራህን የማያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ ግር እንዳይለው ልጻፈው። ግርማ በሕንፃ ሥራ ላይ ክሬን ሥር ቆሞ ዕቃ የሚያስር ሰው ነበር። ብረቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ግድግዳውን በቀበቶና በሰንሰለት ጠፍሮ መንጠቆው ላይ ያንጠለጥላል፣ ከዚያ ላይ ላለው የክሬን ነጂ በእጁ ምልክት ያሳያል። አንሳ፣ ቀስ በል፣ አውርድ፣ ቁም። ሥራው ሲያልቅ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያጋጥማል። ይህም አለቀ ማለት ነው። ቃል አያስፈልገውም፤ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ቃል ማን ይሰማል።

ያንን የድሮውን ቀበቶ ነገር መቼም አትረሳውም ነበር። እዚህ አገር በመጣን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሰፊ ቀበቶ ጠርዙ ተበልቶ ይጣል ተባለ። አንተ ደግሞ ያገርህ ልጅ ነህ፤ ጠንካራ ነገር መጣል አይሆንልህም። ናዝሬት ላለው ወንድምህ ልትልክለት አሰብክ፣ የኢሱዙው ጭነት ማሰሪያ ይሆነዋል ብለህ። ደህና አድርገህ ጠቅልለህ ሣጥንህ ላይ አስቀመጥከው። ማቲ፣ ያ ፊንላንዳዊ የሥራ ባልደረባህ፣ ቸኩሎ ቀበቶ ሲፈልግ እሱን አገኘ። በሥርዓት የተጠቀለለ ነገር ጤነኛ ይመስላል። ብረቱ ገና ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ቀበቶው ተበጠሰ፣ ብረቱም የማቲን ጣቶች ይዞ ወረደ።

ማቲ ይቅር አለህ። አንተ ግን ራስህን ይቅር አላልክም። ከዚያ ወዲያ የተበላ ቀበቶ፣ የላላ ስፌት፣ የክብደት ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ካየህ ምሳ ሳትበላ፣ ውሃ ሳትጠጣ በዚያች ጎባጣ ቢላዋህ እዚያው ትቆርጠዋለህ። ለምን ወደ ጎን ብቻ አታደርገውም ስልህ፣ ያልተቆረጠ ነገር ተመልሶ ሰው እጅ ይገባል አልከኝ። ይህን ስትናገር ፊትህ የሚሆነውን አውቃለሁ። አንዴም አልቀለድኩበትም፤ እኔ በሁሉም ነገር የምቀልደው።

የኔም ሥራ ማንሳት መሆኑን ያወቅህ ዕለት ግን ደስታህ ልክ አልነበረውም። እኔ አረጋውያንን ነው የማነሳው። ሕመምተኛውን በጨርቅ እናቅፈዋለን፣ ጨርቁን እዚህ ሴሌ ይሉታል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ቀለበቶች መንጠቆው ላይ እናስገባለን፣ ከዚያ ማሽኑ ከአልጋ ወደ ወንበር ያሻግረዋል። አንድ ቀን ከሥራ ልትወስደኝ መጥተህ ኮሪደሩ ላይ ማሽኑን አየኸው። ስለ ውሎዬ ሳትጠይቀኝ ስለ ስፌቱ ጠየቅኸኝ። ከዚያ በኋላ እራት ላይ ወሬያችን ይኸው ሆነ። ያንተ ዕቃ አይናገርም፣ የኔ ይናገራል፣ ያማርራል፣ አንዳንዱም ይዘፍናል እልሃለሁ። አንተ ደግሞ፣ የኔም ቢናገር ስንት ሰው በተረፈ ትለኛለህ። አውራ ጣትን በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ማስኬድ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ሥራ ቦታ ጽጌ ጨርቁን ትዳብሰዋለች እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን እነሱም ይዳብሳሉ።

ሕመምህ የጀመረው ከእጅህ ነው። የዓለም እጅ ሁሉ እያለ ያንተን እጅ መረጠ። ሻክል የምትሉትን የብረት ማያያዣ ቡሎን ማጥበቅ አቃተህ። ለኔ አልነገርከኝም። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ቀድመህ መጥተህ ጫማህን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥክ። ለአለቃህ ራስህ ሄደህ ነግረህ ነበር። እጄን አላምነውም፣ ከክሬኑ ሥር አውጡኝ ብለህ። ማንም ሳያይብህ፣ ማንም ሳይጠይቅህ፣ ራስህን እንደ ተበላ ቀበቶ ከሥራ አወጣህ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አብሬህ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እግርህ፣ ከዚያ ምላስህ። የጡንቻ በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም አሉን። አልጋው መጣ፣ ያ ማሽንም ሳሎናችን ገባ። በሥራዬ ስንቱን ሰው እንዳነሳሁ ታውቃለህ። አንተን መጀመሪያ ያነሳሁህ ቀን ግን ቁልፉን መጫን አቃተኝ። አንተ ነህ ያረጋጋኸኝ። መናገር ስላልቻልክ ያቺን የቀረችህን ቀኝ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ብድግ አድርገህ ጣትህን ወደ ላይ አዞርካት። አንሺ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ክሬን ነጂ አደረግኸኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንተ ምልክት ሳትሰጥ አንድም ጊዜ አላነሳሁህም። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሁለቱን እጆችህን እኔ ሰብስቤ ደረትህ ላይ አጋጥማቸዋለሁ። አለቀ። ከዚያ ግንባርህን እስማለሁ። ያ ጊዜ ቢመለስልኝ፣ ሕመሙም ቢሆን፣ ድካሙም ቢሆን ቢመለስልኝ እላለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያንተን ስቃይ መመኘቴ ነው።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ላነሳህ ስጀምር እጅህ ተነሳች። መዳፍህ ወደኔ። ቁሚ። አመመህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ፣ ዓይንህን ወደ ግራ ጭንህ አወረድክ። ያን ሰሞን ሴሌው በየቀኑ ይታጠብ ነበር። ሳየው ቀለበቱ የተሰፋበት ቦታ ክሩ ተከፍቷል። በጭንህ ተሰምቶህ ነው። ወደ አልጋው መለስኩህ። ዛሬን ብቻ ወደ መስኮቱ ላድርስህ ብልህ እጅህን አላወረድክም። ሰነፍ ሠራተኛህን እንደምታየው አየኸኝ።

መሣሪያውን ወደሰጠችን ባለሙያ ደውዬ አዲስ አዘዝኩ። እስኪመጣ አልጋ ላይ ቆየህ፤ ዛፉን ማየት ትወድ ነበር፣ ያንንም ተውክ። ወንበር ላይ የጣልኩትን ሴሌ ታያለህ፣ እኔን ታያለህ፣ ከዚያ ሁለት ጣቶችህን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ ታደርጋቸዋለህ። ቁረጪው። እሺ፣ በኋላ አልኩህ። በዚያው ሳምንት ትንፋሽህ ከበደ፣ እኔም ከትንፋሽህ በቀር ሌላ ነገር ማየት አቆምኩ። አዲሱ ሴሌ በፕላስቲክ እንደታሸገ የመጣው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።

እዚህ አገር ቀብርም ወረፋ አለው። እስክትቀበር ስንት ሳምንት ጠበቅን። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበር፣ እኔ ግን አንተ በዚያ ብርድ ቤት ብቻህን መሆንህን ነበር የማስበው። በቀብርህ ዕለት የድሮ የሥራ ጓደኞችህ መጡ፣ ሬሳ ሣጥኑን እኛ ነን የምናወርደው ብለው ለመኑኝ። በወፍራም ቀበቶ ነው የሚወርደው። ግርማዬ፣ ማቲ ከማውረዳቸው በፊት ምን አደረገ መሰለህ። ተንበርክኮ በዚያች በቀረችለት አውራ ጣት ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ከዳር እስከ ዳር ዳበሳቸው። ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል፣ እሱ አይቸኩልም። ከዚያ ከራስህ በኩል ቆሞ እጁን አነሳ። ቀስ። ቀስ። ቁም። መሬት ስትነካ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጋጠመ። የኛ ሰዎች የሚጸልይ መሰላቸው፣ ወደ ቤት ሲመለሱም አምላኩን የሚፈራ ፈረንጅ ነው እያሉ አወሩለት። እኔና ሶስና ብቻ ነን ያወቅነው። በሥርዓት ነው የወረድከው። ይህ ያጽናናኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ያን እጅ ሳይ ነው ጮኼ ያለቀስኩት።

አልጋውንና ማሽኑን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ሴሌውስ አሉኝ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ብርድ ልብሳችን ሥር ነበር። አሮጌው ከሆነ ጣይው ብለውኝ ሄዱ። መኝታ ቤታችን በር ጀርባ ሰቀልኩት። አላጠብኩትም። ትከሻህን የማሽህ የካምፎር ቅባት ሽታ ነበረበት፣ ከሱ ሥር ደግሞ ያንተው ሽታ። ሰው ፎቶ ያያል። ፎቶህ አይሸትም፣ አይከብድም። ያ ጨርቅ ግን ክብደትህን ያውቃል፤ ወገብህ ጋ አሁንም እንደ ጎደጎደ ነበር። ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ፊቴን እቀብርበታለሁ። መቁረጥ እንዳለብኝ መች ጠፋኝ። በኋላ ያልኩህ ይኸው ዓመት ሊሞላው ሆነ።

አሁን ወደ ሰሞኑ ነገር ልምጣ። ከኛው ቤተ ክርስቲያን ሂሩት የምትባለውን ታውቃታለህ፣ አካላ ሰፈር የምትኖረውን። እናቷ እማማ አበበች ወድቀው ሆስፒታል ከርመው ወጡ። መነሳት አይችሉም። ማሽን ተሰጥቷቸዋል፣ ሴሌያቸው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሲታጠብ እማማ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አይወርዱም። ሂሩት ይህንን ለሶስና ስትነግራት ሶስና ልቧ ራራ። እኛ ቤት አንድ አለ አለቻትና እኔ ሥራ ሳለሁ ከበሩ አውርዳ ሰጠቻት። የሟች ነገር ለሚያስፈልገው ይሰጣል፤ ልብስህንም እንዲሁ ነው ያከፋፈልነው። ልጅቷ ያጠፋችው ነገር የለም። መቆረጥ የነበረበት መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ የሚያውቁት አንተና እኔ ብቻ ነበርን።

ቤት ገብቼ በሩን ሳይ ባዶ ምስማር ነው። ሶስና ላይ የጮህኩትን ልነግርህ አልፈልግም። አባትሽን ለሰው ሰጠሽው አልኳት። ደንግጣ ቆመች። እየጮህኩ ሳለ ነው ስፌቱ ትዝ ያለኝ። ሂሩት ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ኮቴ ገና ከላዬ አልወረደም ነበር፣ ተመልሼ ወጣሁ።

ከቮርቢ ጎርድ አካላ ሩቅ ነው፤ በቀዩ መስመር መሐል ከተማ፣ ከዚያ በሰማያዊው እስከ መጨረሻው ፌርማታ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። እማማን ላድን ነው የምሄደው ወይስ ጨርቄን ልቀማ? ልዋሽህ አልችልም፤ ሁለቱም ነበረብኝ። የሰጡትን መልሶ መቀበል በኛ ነውር ነው፣ ያውም ከታመመች እናት። ነውሩን እያሰብኩ አፈርኩ፣ እንዲያም ሆኖ ሴሌውን እንደገና የማቅፈው ነገር ደስ አሰኘኝ። ከዚያ የማቲ ጣቶች ትዝ አሉኝና ባቡሩ በየፌርማታው ሲቆም መቋቋም አቃተኝ።

ሂሩት ጓንቷን እንዳጠለቀች በሩን ከፈተች። እንኳን መጣሽ፣ እማማን ልናነሳ ነው አለችኝ። ገፍቻት ገባሁ። እማማ አልጋቸው ላይ ባንተ ሴሌ ታቅፈዋል። ቀለበቶቹ መንጠቆው ላይ ናቸው። ለእርዳታ የተላከችው ወጣት መቆጣጠሪያውን ይዛ ቁልፉን ተጭናለች፣ ጨርቁ መወጠር ጀምሯል። በአማርኛም በስዊድንኛም ቃል ጠፋኝ። እጄ ብቻዋን ተነሳች፣ ግርማዬ። መዳፌን ወደ ልጅቷ አድርጌ ቆምኩ፣ ልክ እንዳንተ። ልጅቷ ምልክቱን ተምራው አይመስለኝም፤ ግን ቆመች፣ ቀስ ብላም መለሰቻቸው።

እማማን ወዲያና ወዲህ እያገላበጥን ጨርቁን ከሥራቸው አወጣነው። ሂሩት ፊቷ ተለዋወጠ። «ሶስና ሰጠችን እንጂ አልለመንናትም» አለችኝ። ልቧ ተሰብሯል፣ እውነቷን ነው። ላስረዳት ስል ለቅሶዬ ቀደመኝ፣ ለቅሶዬን ስታይ ደግሞ ይብሱን ለዕቃዬ ብዬ የመጣሁ መሰላት። እማማ ናቸው ያረጋጉን። «ተይ ሂሩት፣ የባሏ ነው። ትውሰደው፣ እኔ አልቀየማትም» አሉ። ያቺ ደግነታቸው ከሂሩት ቁጣ ይልቅ አንገበገበችኝ። አልጋቸው ጫፍ ተቀመጥኩና የግራውን ቀለበት አሳየኋቸው። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ክሩ እየተተረተረ እጄ ላይ መጣ። እማማ ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው አዩት። ሂሩት አፏን ያዘች። ከዚያ እማማ፣ «ነፍሱን ይማረው፣ ዛሬ እኔን አተረፈኝ» አሉ። እኛ ጴንጤዎቹ እንደዚያ ብለን አንጸልይም፣ ያን ቀን ግን ከልቤ አሜን አልኩ።

ሴሌውን በገበያ ከረጢት ይዤ ተመለስኩ። ባቡር ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ቤት እንደደረስኩ እቆርጠዋለሁ ብዬ ለእማማ ቃል ገብቻለሁ። ቤት ስደርስ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ አይደል። ተመልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። አንድ ቀን፣ ሌላም ቀን። ሶስና በበሩ በኩል ስታልፍ ዓይኗን ትሰብራለች፣ እኔም ይቅርታ ልጠይቃት እያሰብኩ አልፌያት እሄዳለሁ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሶስና ከበሩ ጀርባ ቆማ አገኘኋት። ፊቷን እንደኔ ቀብራበታለች። ያቺ ልጅ በቀብሩም፣ ከዚያም ወዲህ እኔ ፊት አንድ ጊዜ አላለቀሰችም፤ ሥራ ሥራውን ስታጣድፍ ነው የከረመችው። ዘወር ብላ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «አባዬ ስለዚህ ምን አለሽ?» አለችኝ። ምንም ስዊድንኛ አልቀላቀለችበትም። እኔም ሁለት ጣቶቼን አንስቼ እንዳንተ ከፈት ዘጋ አደረግኋቸው። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ከመሣሪያ ሣጥንህ ጎባጣዋን ቢላዋ አመጣች።

እሷ ያን ስታመጣ አንድ ነገር አሰብኩ። አንድ ቀን እኔም እሄዳለሁ። ሶስና ይህን ቤት ታጸዳለች፣ ሰው ይመጣል፣ ጠንካራ ጨርቅ ነው አይጣልም ይባላል፣ የማንም እናት ትታቀፍበታለች። ያን ጊዜ እጁን የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ያልተቆረጠ ነገር ተመልሶ ሰው እጅ ይገባል ያልከኝ ይኸው ነው። በኔ ፍቅር ሰበብ የሰው እናት ልትወድቅ።

አልጋህ የነበረበት ጥግ መሬት ላይ ተቀመጥን። ሶስና በአንድ በኩል ወጥራ ያዘችልኝ። ያንን የግራውን ቀለበት መጀመሪያ ቆረጥኩ። ይጠነክራል፣ ግርማዬ። ዕድሜህን ሙሉ ይህን ያህል እንደሚጠነክር አልነገርከኝም። ከዚያ ሌሎቹን። ሶስና ማልቀስ ጀመረች፣ ጨርቁን ግን አለቀቀችም። የመጨረሻው የወገብህ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ሽታህን እንዳላጣ ፈራሁ፣ ልክ አንተን ዳግመኛ እንደምቀብር። ሶስና ጨርቁን ትንሽ አጥብቃ ሳበችልኝ። ቆረጥኩት። ስንጨርስ እሷ ናት ሁለት እጆቿን ሰብስባ ደረቷ ላይ ያጋጠመችው። እኔም ቢላዋውን አስቀምጬ እንደሷ አደረግሁ።

እየተቃቀፍን ብዙ አለቀስን። የጮህኩባትንም ይቅርታ ጠየቅኳት። ከወገብህ ቦታ አንድ ቁራጭ እሷ ወሰደች፣ አንድ እኔ። ቁራጭ ማንንም አያነሳም፣ ስለዚህ የምትቆጣን አይመስለኝም። ለእማማ አበበች ሁለተኛ ሴሌ እንዲታዘዝላቸው ራሴ ከሂሩት ጋር ሆኜ ደውያለሁ፤ ይመጣል ብለውናል። ሲመጣ ሄጄ ስፌቱን አይላቸዋለሁ።

ግርማዬ፣ ሰው ለሟቹ አልረሳህም ይላል። እኔ የማልረሳህ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። አንዲት አሮጊት አልጋቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። አውራ ጣቴን በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዳለሁ፣ ጽሑፉን አነባለሁ፣ ስምህን በልቤ እጠራለሁ፣ ከዚያ አነሳለሁ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ በየጠዋቱ እንዲሁ አስታውስሃለሁ። ሶስናም ያን ምልክት አትረሳውም፤ ትናንት አይቻታለሁ።

በሩ ጀርባ ያለው ምስማር ባዶ ነው። ሳየው አሁንም ያመኛል። ግን ያ ጨርቅ ከእንግዲህ ሌላ ሰው አያቅፍም። አቅፎ ያነሳው የመጨረሻው ሰው አንተ ነህ፣ ለዘላለምም አንተው ትሆናለህ።

ያንተው ጽጌ